ፈረንሳይ፣ አገር ሰላም ነው?

እሑድ፣ ኖቬምበር 18

ከባድ ዜና ነው። የቆመ ይቀመጥ፤ የተቀመጠም ግድግዳ ይደገፍ።

«ለገርብ ሱሄይል መንደር ነዋሪዎች በሙሉ። በታላቅ ሐዘንና በጥልቅ ስጋት እንደምናስታውቀው፣ በፈረንሳይ ያለው ሁኔታ እጅግ አሳሳቢ ደረጃ ላይ ደርሷል። ነዳጅ ተወደደብን ያሉ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አደባባይ ዘግተዋል፤ ጎማም ይቃጠላል። ስለዚህ ዜጎቻችን አስቸኳይ ጉዳይ ካልገጠማቸው በቀር ወደ ፈረንሳይ ከመጓዝ እንዲቆጠቡ፣ እዚያ ያሉትም ሰው ከተሰበሰበበት እንዲርቁ፣ ኬክ ቤት ሲገቡ ደግሞ በር በሩን ይዘው እንዲቀመጡ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ይሄን ያወጣው የትኛው ሚኒስቴር ነው ለሚል፣ እኔ ነኝ፤ ሐሲብ። ሥራዬ ጀልባ መንዳት፣ ማዕረጌ ከቱሪዝም ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ላይ ተባራሪ።

ቂም አለብኝ እኮ! ካይሮ ውስጥ አንድ ጎማ በነደደ ቁጥር የፈረንጅ መንግሥታት ተጠራርተው «ግብፅ እንዳትሄዱ» ይላሉ። ካይሮ ከእኛ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር ነው። እኛ የአስዋን ኑቢያዎች፣ ዓባይ ዳር ቁጭ ብለን ጎማውን የምናየው በቴሌቪዥን ነው። ቱሪስት ሲጠፋ ጀልባዬ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እኔ ዝንብ እቆጥራለሁ፤ ግቢያችን ገንዳ ውስጥ ለእንግዳ የምናሳየው አዞ ግን ከዓሣው አንድ አይቀንስም። «ሚኒስትሩ» ያልኩት ለዚህ ነው። ይበላል፣ ይተኛል፣ ሲነኩት ብቻ አፉን ይከፍታል። ስንቱ ፈረንጅ ነው «ሐሲብ፣ እዚያ ሰላም ነው?» እያለ የጻፈልኝ! ስንቴ ነው «ሰላም ነው፣ ኑ» ብዬ ዓይኔን ሳላሽ የመለስኩት!

ትናንት ማታ ታዲያ የፈረንሳይ ተራ ደረሰ። ደስ አለኝ ብል ኃጢአት ነው። ደስ አለኝ።

እማዬ ግን የምትከትፈውን ባሚያ አስቀምጣ፣ «ነብራ ያለችው እዚያ አይደለም?» አለች።

ነብራ እህቴ ናት። ባሏ ፊክሪ ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ምግብ አብሳይ ነው። አሁን ሆዷ ገፍቷል፤ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ሲጠባ ትወልዳለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። እማዬ ልታርሳት ዲሴምበር 8 ትሄዳለች። ቪዛውም ትኬቱም አልቋል። አርባ ቀን እቀመጣለሁ ነው የምትለው። አርባው ሲያልቅ ደግሞ «ትንሽ እስኪጠና» ማለቷ አይቀርም፤ አውቃታለሁ። እኔማ ምን እሆናለሁ። ጢም ያለው ሰው ነኝ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 20

ማስጠንቀቂያውን በድምፅ ቀዳሁት። እንደ ዜና አንባቢ እንዲያስገመግምልኝ ጭንቅላቴን ባዶ የውሃ ጋን ውስጥ ከትቼ ነው ያነበብኩት። ስወጣ ጆሮዬ ተልጧል።

በመንደሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት። ኡኡታ! አንዱ «ክቡር ሚኒስትር፣ የአክስቴ ልጅ ጣሊያን ነው፣ እሱስ ይመለስ?» አለኝ። «ጣሊያን ገና በጥናት ላይ ነው፤ ሻንጣውን ግን አይፍታ» ብዬ መለስኩ። ሌላው «ኬክ ለማይወድ ዜጋ ምን ታስቧል?» አለ። ስስቅ እራቴ ቀዘቀዘ።

ሐሙስ

ሥራ በዛ። ቻይናዎች መጥተው አንዷ ሚኒስትሩን ግንባሩን ሳመችው። አልተደሰተም።

እማዬ ሻንጣዋን ሞላች፣ አፈሰሰች፣ እንደገና ሞላች። የደረቀ ባሚያ፣ ቴምር፣ ሂና፣ በሰባተኛው ቀን የሕፃኑን ፊት የሚያጥቡበት አንድ ጠርሙስ የዓባይ ውሃ።

«እዚያ ውሃ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አለ። ልጁን ግን አያውቀውም።»

እሑድ፣ ኖቬምበር 25

የሆነው ይሄ ነው። ድምፄ አገር ዞረ። ከመንደራችን አስዋን ከተማ፣ ከአስዋን ካይሮ ላሉት ዘመዶች፣ ከካይሮ ኩዌት። ሲመለስ ቀልድነቱን መንገድ ላይ ጥሎታል። ዛሬ አስዋን ያለው ፀጉር አስተካካይ ለአጎቴ ለሐጅ ሸኩር አሰማቸው።

አጎቴ ሐጅ ሸኩር የእማዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። ስልካቸው ከመደወል ሌላ ሙያ የላትም። ረጅሙን ጋለቢያ ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብስበው፣ እያለከለኩ ገቡ።

«ሰዕዲያ! ፈረንሳይ የለም!»

«ምን ሆኖ ነው የለም?» አለች እማዬ።

«መንግሥት ከልክሏል። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ኬክ ቤት እንኳ በር በሩን ይዛችሁ ተቀመጡ እያለ ነው።»

«እኔ ኬክ ቤት ምን ልሠራ?»

«እሱን አላውቅም። እንዲህ የሚያስጠነቅቀው አንድ ነገር ቢያውቅ ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ስልክ የምነካካ እኔ፣ ፈረንጅ የማውቅ እኔ። አፌ ቴምር ነበረበት። አፉ የሞላ ሰው ደግሞ አያወራም፤ ነውር ነው። ቴምሩን ቀስ ብዬ አኘክሁት። አጎቴ ትንሽ ጠበቁኝ፤ ከዚያ «እንግዲህ እስኪረጋጋ እናያለን» ብለው ወጡ።

ዱላቸው ወፍራም ነው። ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። ለሌላ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 27

ዛሬ ግቢያችን ፓርላማ ሆኖ ዋለ። ሰብሳቢዋ እማማ ሸያ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ የመንደሩን ሕፃን ሁሉ፣ እኔንም ጭምር፣ ያዋለዱ አሮጊት። «ተገልብጠህ ነው የወጣኸው፣ እስካሁንም አልተቃናህም» እያሉ ሲያሸማቅቁኝ ነው የኖሩት።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ዓባይን የተሻገረ ሰው አራስ ያለችበት አይገባም። ከገባ ወተቷ ይነጥፋል። ቀድሞ ቤቷ ገብቶ የጠበቃትን ግን አይመለከተውም። ስለዚህ እማዬ ነብራ ሳትወልድ መድረስ አለባት። እስኪረጋጋ ብላ ከቆየች በር ላይ መቅረቷ ነው።

«እኔ እኮ አልሻገርም» አለች እማዬ። «አውሮፕላን ማረፊያው በኛው በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ በሰማይ ነው።»

«ሰማዩ ከምን በላይ ነው?» አሉ እማማ ሸያ።

«ከደመና በላይ። ወንዙ አያየኝም።»

«ከውሃው ሥር የሚኖሩት የወንዙ ሰዎች ቀና ብለው አያውቁም ያለሽ ማን ነው? ከላይም ሄድሽ ከታች፣ ወንዝ ወንዝ ነው።»

«መስኮቱን ብትዘጋውስ?» አልኩ። የእማማ ሸያ ጫማ መጣ። አጎነበስኩ።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የሊዮንን ካርታ አሳየኋቸው። ባላሳይ ይሻለኝ ነበር። ከተማዋን ሁለት ወንዝ ነው የሚያቋርጣት፤ የነብራ ቤት ከሁለቱ መካከል ነው። ከየትም ብትመጣ ሳትሻገር አትደርስም።

«ሁለት!» አሉ እማማ ሸያ ደረታቸውን ይዘው። «ይቺን ልጅ ምን ቢጠሏት ነው እዚያ ያስቀመጧት?»

እማዬ አልሳቀችም። «በጊዜዬ መሄድ አለብኝ» ብቻ አለች።

አርብ፣ ኖቬምበር 30

ነብራ ደወለች። እማዬ ከጎረቤት ስለነበረች ቶሎ አነሣሁት።

«እዚህ የኑቢያ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ስለ ሁኔታው አጭር ማብራሪያ ይስጡን» አልኳት።

«አንተ ቀልማዳ! ያ ድምፅ የአንተ ነው አይደል? ለፊክሪ ከኩዌት ልከውለት ነበር። ሰማሁትና ልወልድ ነበር በሳቅ።»

«ሰላም ነው እዚያ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣሉ፣ ይጮሃሉ። እሑድ ቤታቸው ተኝተው ይውላሉ። እኛ ሰፈር ትንሽ የሱቅ መስታወት ተሰብሯል፣ በቃ።»

«ታዲያ መንግሥታችን ትክክል ነው።»

«ሐሲብ» አለች። ድምፅዋ ተለወጠ። «አጎቴ እምቢ አሉ የሚባለው እውነት ነው? እማዬ አትመጣም?»

«እያጠናነው ነው።»

«አትቀልድ። ፈርቻለሁ። ሰልፉን አይደለም። ሐኪሟ ስታወራኝ ግማሹ እንኳ አይገባኝም፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። እማዬ ካለች ግን ምንም ብትለኝ ግድ የለኝም።»

«ትመጣለች» አልኳት። ከምን ተነሥቼ እንደሆነ አላውቅም።

ለእማዬ «ነብራ ደህና ናት» አልኩ። ደህናማ ናት።

እሑድ፣ ዲሴምበር 2

ትናንት ፓሪስ ጉድ ሆነች። መኪና ነደደ፣ ጭሱ ያንን ትልቅ የድንጋይ በር ሸፈነው። ይሄን እኔ አላቀነባበርኩትም፤ ጭንቅላቴን ምንም ጋን ውስጥ አልከተትኩም። አጎቴ እኛ ቤት ቁጭ ብለው እያዩ ነበር። «ይኸው!» አሉ። ዛሬ ጠዋት ትኬት ቆራጩ ዘንድ ሄደው ጉዞውን ወደ ጃንዋሪ አዞሩት።

እማዬ ሰማች። ብትጮህ ጥሩ ነበር። ሻንጣውን ከበሩ አጠገብ አንሥታ አልጋ ሥር ገፋችው፤ ከዚያ ለሚኒስትሩ ዓሣውን ልትሰጥ ወጣች። ተከትዬ ስወጣ ዓሣውን እንደያዘች ቆማለች። አዞው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«እማዬ፣ ክቡርነታቸው ተርበዋል» አልኩ።

ወረወረችለትና ገባች።

ፓሪስ ለብቻዋ ናት፣ ሊዮን ለብቻዋ። ለአጎቴ ይሄን ብነግራቸው ያምኑኝ ነበር? ማን ያውቃል። አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 4

ዛሬ አንዲት ፈረንሳዊት በጀልባዬ መጣች። ማዳም ሶላንዥ ትባላለች፤ ናንት ከሚባል ከተማ ናት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ። አንዲትን ፈረንሳዊት እናቴ እንዲህ ስትመረምራት አይቼ አላውቅም። ሻዩ ገና ሳይቀዳ ጀመረች። እኔ አስተርጓሚ።

«አገርሽ ሰላም ነው በላት።»

ማዳም ሶላንዥ ሳቀች። «ኧረ ሰላም ነው! በቴሌቪዥን የምታዩት ሁለት ሦስት ጎዳና ነው። እኛ በጭራሽ አላየነውም፤ ከኛ ሩቅ ነው።»

ተርጉሜ ስጨርስ እማዬ እኔን አየችኝ። «ይሄን ንግግር የት ነው የማውቀው?»

የት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ለስንት ቱሪስት ቃል በቃል ብዬዋለሁ፤ እጄን እንኳ እንደዚህችው ሴትዮ አወናጭፌ።

«ልጆች አሉሽ በላት።»

«አንዲት ልጅ አለችኝ» አለች ማዳም ሶላንዥ፤ «ግብፅ እሄዳለሁ ስላት አለቀሰች። ትሞቻለሽ አለችኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

«ሳልነግራት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።»

እማዬ ይሄን ስትሰማ ለረጅም ጊዜ ሳቀች፣ ከሰንበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ አንድ እፍኝ ቴምር ሰጠቻት፣ ደግማ ሰጠቻት፣ ሴትዮዋ ኪሷ እስኪያብጥ።

ማዳም ሶላንዥን ስመልሳት ጀልባዬ ላይ «እናትህ ጎበዝ ናት፤ ግን አዝናለች፤ ለምንድነው?» አለችኝ። ሞተሩ ይጮሃል፣ አልሰማሁም አልኳት።

ረቡዕ

ምንም የለም። ባሚያ በላን።

ሐሙስ

ዛሬም ባሚያ። ሦስት ቀልድ ሞከርኩ። አንዱማ ጥሩ ነበር።

አርብ፣ ዲሴምበር 7

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎቴ እንግዳ ማረፊያቸው ደጃፍ ላይ ሻይ ሲጠጡ ሄድኩ። ዱላቸው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በዱላውና በሳቸው መካከል ተቀመጥኩ፤ ሞኝ አይደለሁም።

«አጎቴ፣ ያ ማስጠንቀቂያ…»

«እህ?»

«መንግሥት አይደለም ያወጣው።»

«አውቃለሁ።»

ሻይ ቀዱልኝ። ስኳሩን አበዙት።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ጋን ውስጥ ገብተህ ብትለፈልፍ የእህቴን ልጅ ድምፅ የማላውቅ መሰለህ? ፀጉር አስተካካዩ ቤት ገና ‹በታላቅ ሐዘን› ስትል ነው ያወቅሁህ። ሰውየው ምላጩን እንደያዘ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ሳቄን ውጬ ጉሮሮዬ ሊቆረጥ።»

«ታዲያ ለምን ከለከሏት?»

ወንዙን አዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ ቃላቸውን እንዳለ ነው የምጽፈው፦

«አባትህ ሲሞት ይቺን ታክል ነበርክ። ከዚያ ወዲህ እሷ ያላበሰለችውን በልተህ፣ እሷ በሌለችበት ቤት አድረህ አታውቅም። ይሄ ልጅ አንደበቱ ለቀልድ እንጂ ለልመና አይታዘዝለትም አልኩ። እናቴ እንዳትሄድብኝ አድርጉልኝ እያለ እየለመነኝ ነው አልኩ። ያን ቀን ቤታችሁ መጥቼ አይቼሃለሁ፤ ቴምር አፍህ ውስጥ አስቀምጠህ። ዓይንህን አይቼ ከበደኝ።»

እንግዲህ ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው። የሌለ ነገር ያያል። እኔ ለቀልድ ያወጣሁትን ወስዶ ልመና አደረገው። «አጎቴ፣ እርስዎ ሐኪም ዓይንዎን ይይልዎት» ብዬ ሳቅሁ፤ ሻዩ ትን አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሻዩ ትኩስ ነበር።

«ትሂድ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ትሂድ አልኩ እኮ! ምን አገባኝ!»

አጎቴ ዱላቸውን አነሡ፤ ተደግፈው ሊነሡ ነበር ለካ። ወደ ትኬት ቆራጩ አብረን ሄድን፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ አርብ ነው። የነገው አውሮፕላን ያለ እማዬ ይበራል ማለት ነው።

ማታ ለእማዬ ራሴ ነገርኳት። ጋኑንም፣ ግሩፑንም፣ ኬኩንም። አጎቴ ያሉትን የማይረባ ነገር ግን አልነገርኳትም። ጫማዋን አውልቃ ወረወረች፤ አጠገቤ አለፈና ግድግዳውን መታ። የእማዬ ጫማ ስቶ አያውቅም። ዛሬ ሳተ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ቦታ የተገኘው ለአርብ ማታ ነው። ቅዳሜ ትደርሳለች። «ቅዳሜ!» አሉ አጎቴ፤ «ሰልፉ ቅዳሜ አይደል?» ሌላ ቀን ሙሉ ነው። አሁንም ከመውለዷ በፊት ትደርሳለች። ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጥቷል።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 11

ነብራ ወለደች።

ገና ቀን አላት ተብሎ! ሴት ናት። ደህና ናቸው፣ ሁለቱም። ፊክሪ ስልኩ ላይ እያለቀሰ ስለነበር ሌላውን አልሰማሁም። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ጎረቤት ሁሉ ተቀበላት፤ መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ እልልታው መካከል ላይ እማዬ ብቻዋን አቆመች። ገባኝ። ሁሉም ገባው፤ ልጇ ሳትወልድ አልደረሰችም።

ጥፋቴ ያለፈው አርብ አይደለም፤ ያን ጊዜማ ተናግሬያለሁ። ቴምሩን ስበላ ነው። ያን ቀን ቴምሩን ብተፋው ኖሮ እማዬ ቅዳሜ ሄዳ፣ ዛሬ እጇን ይዛት ነበር። ይሄን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 12

ፓርላማው እንደገና ተሰበሰበ። ነብራም በስልክ አለች፤ ከሆስፒታል ቤቷ ገብታለች፣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ሕፃኗ ደግሞ እኔን ቁርጥ ትላለች፣ ምስኪን።

እማማ ሸያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ፈረዱ። «እናትሽ ወንዝ ተሻግራ ነው የምትመጣው። እሷ አንቺ ላይ አትገባም። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ ደጅ ተቀበያት። ፊት ለፊት ተያዩ። ከዚያ አብራችሁ ግቡ። ያኔ ምንም የለም።»

ከኋላ የፊክሪ ድምፅ መጣ። «እማማ፣ ቅዳሜ ነው እኮ! ከተማው ይታመሳል፣ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። እናቷ ዝም ብለው ይግቡ። ይሄ ሁሉ ተረት ነው።»

«ወተቴን ነው ተረት የምትለው?» አለችው ነብራ።

ፊክሪ ዳግመኛ አልተናገረም። ብልህ ሰው ነው።

አርብ፣ ዲሴምበር 14

አሁን ከአውሮፕላን ማረፊያው መመለሴ ነው። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ሻንጣዋን በገመድ ጠፍራ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ነበር። አጎቴ ከርቀት ቆመው ሰው እንዳያያቸው አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ።

እሷ እኔን ወደ ጎን ወሰደችኝ። የማዘዣ ጊዜ ነው ብዬ ነበር፤ አዞውን፣ ጋዙን፣ በሩን። አይደለም።

«ሐሲብ፣ ሰላም ነው እዚያ?» አለችኝ።

እንደዚያ ዓይኔ ውስጥ እያየች። ይሄን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቆኛል! መልሱ ከንፈሬ ላይ ነው የሚኖረው፤ «ሰላም ነው፣ ወፍ እንኳ አይጮህም»። ልል ስል ምላሴ እምቢ አለኝ። እሷ ናታ።

«አላውቅም እማዬ» አልኩ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ግን ሂጂ።»

አንገቴን ይዛ ሳመችኝና ገባች። ዞር አላለችም። ዞር ብትል ደስ አይለኝም ነበር። ቢሆንም አላለችም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 15

ካይሮን ለቃለች።

ፓሪስ ደርሳ አውሮፕላን ቀይራለች። ፊክሪ ሊዮን አውሮፕላን ማረፊያ እየጠበቃት ነው።

ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ። ዘጋሁ። ከፈትኩ።

ሁለት ቱሪስቶች አዞውን እንይ አሉ። ታሟል አልኳቸው።

የፊክሪ ስልክ አይነሣም።

አይነሣም።

አጎቴ መጥተው ተቀመጡ። እማማ ሸያም መጡ። ሦስታችን ስልኩን ከበን፣ ስልኩ እንደታመመ ሰው መካከላችን ተጋድሟል።

ኋላ ላይ

ደወለች! እማዬ ራሷ ናት። ቀድሜ «አስለቃሽ ጭስ አለ?» አልኳት።

«ጭስስ ነበር፤ ሥጋ ይጠብሱ ነበር።»

የሆነውን በእሷ አነጋገር ልጻፈው። መኪናው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ድልድዩ ቢጫ በለበሱ ሰዎች ጥቅጥቅ ብሏል፤ ዘፈን፣ ፉጨት፣ ከበሮ። ፊክሪ «እንመለስ፣ ማታ ሲበተኑ እንመጣለን» ይላል። እማዬ በሩን ከፍታ ወርዳለች። «ልጄ ማዶ ናት» ብላው ሰዉ ውስጥ ገባች። ፊክሪ ሻንጣውን ተሸክሞ «እማማ! እማማ!» እያለ ከኋላ።

«አልፈራሽም?» አልኳት።

«መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ሳያቸው የሠርግ ሰው ይመስላሉ። አንዱ ግንድ የሚያክል ሰውዬ ፊክሪን አይቶ አዘነለትና ሻንጣውን በአንድ ወገን ያዘለት። የባሚያው ሽታ አፍንጫው ገብቶ ‹ምንድነው?› ይላል መሰለኝ። ከቦርሳዬ ቴምር ሰጠሁት። ለጓደኞቹም ሰጠሁ። ነዳጅ ስለተወደደባቸው ነው ይላል ፊክሪ። እኛም አገር ተወዷል፣ አብሽሩ አልኳቸው።»

«በዓረብኛ?»

«ታዲያ በምን ልበላቸው? ገብቷቸዋል።»

ነብራ ደጃፏ ላይ አልጠበቀችም። ድልድዩ ጫፍ ድረስ ወርዳ፣ የፊክሪን ረጅም ካፖርት ደርባ፣ ሕፃኗን ካፖርቱ ውስጥ አድርጋ ቆማለች። እማዬ አየቻትና ጥቂት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። መጀመሪያ መተያየት አለባቸውና። «ካፖርቱን ትንሽ ገለጥ አደረገችልኝ» አለች እማዬ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ስልኩ በደንብ አላሰማኝም። ከዚያ አብረው ተያይዘው ወጡ፣ አብረው ገቡ።

«ወተቷስ?» አሉ እማማ ሸያ ስልኩን ነጥቀው።

«ከመብዛቱ ሕፃኗን ትን እያላት ነው!»

አጎቴ ተነሥተው ወጡ፤ ደጅ ብቻቸውን ሲስቁ ሰማኋቸው።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 17

ሰባተኛው ቀን። በስልክ አየን። ፊቷን ሲያጥቧት ጮኸች፤ ድምፅዋ እንደኔ አይደለም፣ ጋን አያስፈልገውም። ስሟ ሰዕዲያ ሆነ። እማዬ «ሌላ ስም ጠፍቶ ነው?» እያለች ፊቷ ግን በስልኩ ውስጥ አልበቃ አለ።

ፊክሪ ገንፎ አበሰለ። እማዬ ቀምሳ «ጥሩ ነው» አለችው። በዚያ ድምፅ የተባለ ጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ይማረዋል።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 19

እስካሁን የጻፍኩትን መለስ ብዬ ሳነብ አፈርኩ። ሰው ቢያየው ጦርነት ያለፈብን ይመስለዋል። ምን ተፈጠረ? የአንዲት ሴት ጉዞ በአንድ ሳምንት ዘገየ። አንድ ድልድይ በእግር ተሻገረች። ከሷ ዕቃ ከጥቂት ቴምር በቀር የጎደለ የለም።

ዛሬ ምስር አበሰልኩ። ጨው ረሳሁ። አጎቴ መጥተው አብረን በላን፤ «ይበላል» አሉ፣ ሁለት ጊዜ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «እዚህ ልደር?» አሉኝ። «ለምን?» አልኳቸው። «እንዲያው» አሉ። ሂዱ አልኳቸው፤ ትልቅ ሰው ነኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፣ ትንሽ ነገር ነው። እናት ልጇን ልታይ ሄደች። ቤቱ ብቻ ትንሽ ሰፋ።